የአልማዙ ሳጥንና የሽማግሌዎቹ ወረቀት

እኔን ደግሞ የስልክ ጨዋታ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ሀሁ የማላውቅ፣ ሦስት ጥርስ የቀረኝ አሮጊት፣ በስልክ ፈረስ ላወጣ ከልጅ ጋር ስራኮት! ብትስቁብኝ እውነት አላችሁ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

የልጅ ልጄ እዚህ ቢቸና ከተማ እኔ ጋር ነበረች። ልጄ፣ እናቷ፣ ሞጣ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ተረኛ ስትሆን ልጅ የሚይዝላት የለም። ልጅቱ ዐሥር ዓመቷ ነው። ዓይኔ እሷ ነበረች። ስልኬ ጢው ሲል መልእክቱን ታነብልኛለች፤ በስልክ ብር ስሰድም ምስጢር ቁጥሩን ትነካልኛለች። ምስጢር ተብዬውን ከእኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት።

ስልኩ ውስጥ ፈረስ የምትጋልብ ልጅ አለች። ለእሷ ልብስ፣ ለፈረሷ ኮርቻ የሚገኘው በአልማዝ ነው። አልማዙን የሚሸጠው ደግሞ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ካርድ ሻጭ ነው፤ በስልክ ብር ይላክለታል፣ እሱም አልማዙን ይልካል። በአልማዙ ሳጥን ይከፈታል። ምን እንደሚወጣ ግን ሳይከፈት አይታወቅም።

«እምዬ፣ አንድ ልክፈት?»

«ምን ይወጣል?»

«ነጭ ፈረስ ሊወጣ ይችላል።»

«ክፈቻ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ባርኔጣ ወጣ። ደግመን ከፈትን፤ ሌላ ባርኔጣ። «ይች ልጅ ስንት ጭንቅላት አላት?» አልሁ። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። እንዲህ እያልን ሰነበትን። እኔ የከረሜላ ዋጋ መስሎኝ ስንት ነው ብዬ አልጠየቅሁ፤ ካርድ ሻጩም አልነገረኝ።

አንድ ቀን ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ ለጣራው ቆርቆሮ የላክሁልሽን ለአናጢው ስጪው፤ ክረምት እየመጣ ነው።» የልጅ ልጄን «እስቲ እዪልኝ» ብላት አንገቷን ደፋች። ምንም የለም፤ ብሩ ሁሉ አልማዝ ሆኗል።

ልጄ ስነግራት አልጮኸችም። «ገንዘቡን ካላስመለስሽ ልጄን እወስዳለሁ። አንቺ ጋ እየተበላሸች ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ቆርቆሮው አላሰብሁም።

ጎረቤቴ፣ ነገር አዋቂዋ፣ «ንግድ ጽሕፈት ቤት ክሰሽው» አለችኝ። «ለእኔ የተበላሸ ዘይት የሸጠውን አስመልሰውልኛል።» ሄድሁ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ጎረምሳ ተቀበለኝ።

«ዕቃው ምንድን ነው፣ እናቴ?»

«ሳጥን።»

«ይዘውታል?»

«ስልኩ ውስጥ ነው። እሱም ውስጥ ዐሥራ አንድ ባርኔጣ አለ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ስለ ዘይትና ስለ ሚዛን እንጂ እንዲህ ያለ ክስ መጥቶለት አያውቅም። ግን ጨዋ ልጅ ነው፤ ሕጉን አገላበጠው። «ሻጭ የሚሸጠውን ለገዢ ማስረዳት አለበት፤ ደረሰኝም መስጠት አለበት። ይኼ ሁለቱንም አላደረገም። ማክሰኞ ሁለታችሁም ኑ፤ ገንዘብዎን ለማስመለስ እንሞክራለን» አለኝ። እየዘፈንሁ ነው ቤቴ የገባሁት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቆሙ። ካርድ ሻጩ ከኋላቸው ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል። እኔን ሰው ለምኖኝ አያውቅም! ባሌ እንኳ ሳይለምነኝ ነው ያገባኝ።

«አጥፍቷል፣ ይማሩት፤ ስለ እግዚአብሔር» አሉ ትልቁ።

«ድንጋዩ ትንሽ ናት፤ ሄደህ ሌላ አምጣ!» አልሁት።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ አያስችለኝም። «ይቅር ለእግዜር» አልሁ። ድንጋዩን አወረዱለት፣ ጉልበቴን ሳመ፣ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ወዲያው ወረቀት አወጡ። «መታረቃችሁን የሚገልጽ ነው» አሉኝ። የምታነብልኝ ልጅ አፍራ ጎረቤቴ ቤት ተሸሽጋለች። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍሁ። በእርቅ መሐል ገንዘብ ማንሣት ነውር ነው፤ ይቅር የተባለ ሰው ራሱ ያነሣዋል ብዬ ተውሁት።

ማክሰኞ ያ ጎረምሳ ወረቀቱን አነበበው።

«‹ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለኝም› ይላል፣ እናቴ። ጣቱ የእርስዎ ነው?»

«ጣቱስ የእኔ ነው።»

ካርድ ሻጩ መሬት መሬቱን ያያል። ጎረምሳው ወረቀቱን አያይዞ መዝገቡን ዘጋ።

ቅዳሜ ልጄ መጣች። የልጅቱን ልብስ አጣጥፋ በሻንጣ ከተተች።

«እምዬ፣ መልእክት ሲመጣ ማን ያነብልሻል?» አለችኝ ልጅቱ።

«ፈረሷ» አልኋት።

አልሳቀችም። የሞጣው መኪና ሲነሣ እጄን አወዛወዝሁ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ተቀምጠው ሲነሡ እግር እንደሚደነዝዘው፣ ሰውነቴ ሁሉ እንደዚያ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ እንባዬን ጠበቅሁት፣ አልመጣም። ቤት ገብቼ ምሳ በላሁ፤ ጨው ይኑረው አይኑረው እንጃ። አፌ ግን እንደ ልማዱ ይቀልዳል፤ ሰው ይስቃል፣ እኔ ምን እንዳልሁ አልሰማውም። ስልኩ ጢው ሲል አየዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ክረምቱ ገብቶ ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር ጎረቤቴ ወንፊቷን ልትወስድ መጣች።

«ያ ሕግ ተብዬው ምንም አልፈየደልኝ» አልኋት።

ወንፊቷን እያራገፈች፣ «ሕጉማ ማክሰኞ ብሎ ቀጥሮሽ ነበር» አለች። «አንች ነሽ ልጅቱን በምርቃት የለወጥሻት።»