ያልነቃው ማሽላ

ማሽላዬን ወቅቼ ሳልጨርስ የመስኖ ውሃ ተራ ደረሰኝ። ዛላው የሞላውን መርጬ ለብቻው ወቃሁና እዚያው ሰሞን ዘራሁት። አዲስ ዘር ከአሮጌ ይበልጣል ብዬ ነው። ከቦዩ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ግን አምና ያስቀመጠውን ዘራ። የጠጣነው አንድ ውሃ ነው። የሱ ማሳ አረንጓዴ ለበሰ፤ የኔው እንደተጠረገ ግቢ ባዶውን ቀረ።

ቅናት ባለቤቱን ይበላል እያልኩ ልጆቼን የምገሥጽ ሰው ነኝ። ያን ሰሞን ግን ማለዳ የምነሳው የሱን ቡቃያ ወፍ ለቅሞት እንደሆነ ለማየት ነበር።

«ጎረቤት፣ ማሳህን ማን ላጨልህ?» ይለኛል ከማዶ።

«ያንተን ጠብቅ! የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።»

«ማን ነው የቸኮለው?» ብሎ ይስቃል።

ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት የምትማረው ልጄ ለእረፍት መጣች። ከባጃጅ እንደወረደች ጎረቤቴ ጠራት። «ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ያባትሽ ማሽላ ምን ነካው?» ቦዩ ዳር ተቀምጣ ስታስረዳው፣ እሱም አገጩን ይዞ ሲያዳምጣት ከሩቅ አየሁ። ያስተማርኳት እኔ፣ የምታስተምረው እሱን! እኔ ንባብ የለመድኩት ያለ አስተማሪ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየፈታሁ ነው። ልጅ አባቱን ይጠይቃል እንጂ አባት ልጁን አይጠይቅም ብዬ ኖሬያለሁ።

እራት ላይ አላስቻለኝም።

«ለሱ ያልሽውን ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሱ ጠየቀኛ፣ አባዬ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሷ ግን ቀጠለች። «ዘርህ አልሞተም፤ ተኝቷል። ፍሬው ውስጥ ሁለት ሆርሞኖች ይታገላሉ። አብሲሲክ አሲድ የሚባለው ያስተኛዋል፣ ጅበረሊን የሚባለው ይቀሰቅሰዋል። በአዲስ ዘር የሚያስተኛው ይበረታል፤ ዘሩ ደርቆ ሲከርም ግን የሚያስተኛው ይደክማል። የእንቅልፉ ክብደት ደግሞ በዘረመል ይወረሳል። ያንተ ማሽላ እንቅልፉ ከባድ ነው፤ የሱ ቀላል ነው። ቀላሉ በአጨዳ ጊዜ ዝናብ ካገኘው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል።»

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ለሱ አጨዳ ዝናብ ተመኘሁ።

«አሁን ግን የውሃ ተራህ ሳያልፍ የከረመ ዘር ከሱ ውሰድ» አለችኝ።

እኛ ዘንድ ለጎረቤት ዘር አይሸጥም፤ ቁና በቁና ይለወጣል። አዲሱን ማሽላዬን ተሸክሜ ሄድኩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ መጣህ!» አለና የሱን እስኪፈስ ድረስ ከምሮ ሰፈረልኝ። ደግነቱም አናደደኝ።

በማግስቱ ስዘራ ልጄ ቦዩ ላይ ቆማለች፤ እሱም ከማዶ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

«ልጄ፣ ያ መሬት ውስጥ ያለው የኔው ዘር መቼ ይነቃል?»

ጀርባዋን ሰጥታው ወደኔ ዞረች። እጇን እያወናጨፈች ስለ ሙቀቱ፣ ስለ እርጥበቱ፣ ስለ ፍሬው ልጣጭ ረዥም ነገር ነገረችኝ። ግማሹን አልሰማሁም። እሷ ስታወራ እኔ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ፣ እሱ ማየት አለማየቱን ነበር የምመለከተው።