ለአባየ ውጅግራ የተመረጠው ፎርማ

የአባየ ጠመንጃ ውጅግራ ነው። ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ አባየ ቀለሃውን እያጠራቀመ፣ አረሩን ደግሞ ራሱ እርሳስ እያቀለጠ ይሠራ ነበር። እርሳሱ ከሞተ የመኪና ባትሪ ይወጣል። ባሩዱን ከየት እንደሚያመጣ ጠይቄው አላውቅም፤ ብጠይቀውም የሚነግረኝ አይደለም።

የቀለጠው እርሳስ የሚፈስበት ፎርማ ከነሐስ የተሠራ፣ እንደ ጉጠት የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። ከአያቴ የመጣ ስለሆነ ከንፈሩ ተበልቷል። ከሱ የሚወጣው አረር ጎኑ ላይ ቀጭን ክንፍ ያወጣል፤ አባየም ያን ክንፍ በሞረድ ሲያስተካክል ይውላል። መልኩ ያስጠላል እንጂ የተላከበትን አይስትም ነበር።

በእኛ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር፣ ከግቢ ሳትወጣ በፊት አባቷ ቅል አሰቅሎ ይተኩሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚተኮሰው። ቅሉ ከተሰበረ እልል ይባላል። ከሳተ ግን ጠመንጃው ለወንድሙ ይሰጣል፤ ወንድሙ ከመታ ያ ጠመንጃ የሱ ሆኖ ይቀራል። አያቴም ከታላቅ ወንድሙ የወሰደው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ ስዳር አባየ ቅሉን አድቅቆታል። የኔ ትዳር የቅሉ ስባሪ ተጠርጎ ሳያልቅ ፈረሰ ማለት ይቻላል፤ ከዚያም ዐረብ አገር ሄድኩ፣ ተመለስኩ። እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

የአባየ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ያን ጠመንጃ ሲመኝ ነው ያረጀው። ሰው ፊት «ወንድም ጋሸ» እያለ የአባየን እጅ ይስማል፤ ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ብረት አይነቀልም። አልወደውም። ድሮም አልወደውም ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ስሙን አላነሳም።

የታናሽ እህቴ የሰርግ ቀን ሲቆረጥ፣ ባሕር አቋርጦ ሳዑዲ የገባው ወንድሜ ደወለ። ወረቀት ስለሌለው ወጥቶ መመለስ አይችልም። «ለአባየ አዲስ ፎርማ አሠራለታለሁ፣ ልኩን ላኩልኝ» አለ። «እኔ ሰርጉ ላይ ባልገኝም እጄ ይገኛል።» ቶርኖ ቤት የሚሠራ ጓደኛ አለው። ለዓሣ መረብ ማስመጫ እርሳስ መሥሪያ ነው ብሎ ሊያሠራው ነው። የሐይቅ ልጅ ስለሆነ ውሸቱ አልከበደውም።

የአባየ ዓይን ደክሟል። ልኩን እንዲወስድለት አጎቴን ጠራው። አጎቴ ከአሮጌዎቹ አረሮች አንዱን አንስቶ በክር ለካ፤ የለካው ግን ወገቡን ሳይሆን ወደ ሹሉ ጠጋ ብሎ ነበር።

«አጎቴ፣ ከወፍራሙ ጋ አይለካም እንዴ?» አልኩት።

«አንች ዐረብ አገር ጠመንጃ ነበር እንዴ የምታጥቢው?» አለኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባየም አብሮ ሳቀ። ክሩ ተቆርጦ፣ ወደ ጅዳ በምትመለስ ጎረቤታችን እጅ ተላከ።

ፎርማው መጣ። እንደ መስተዋት ያበራል። አባየ እያገላበጠ ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ በመንገድ ያለፈውን ሁሉ እየጠራ አሳየ። ልጁ ከሄደ ወዲህ ለእናቴ ሽቶ፣ ለእኛ ልብስ ልኳል፤ ለአባየ ብሎ የላከው ይህ የመጀመሪያው ነው።

በሰርጉ ዋዜማ ሁለቱን ፎርማዎች ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጦ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አረር አፈሰሰ። ከአሮጌው የወጣው እንደ ወትሮው ክንፋም ነው። የወንድሜ ግን እንከን የሌለው፣ የሚያብለጨልጭ ነበር። አባየ የአሮጌውን ክንፍ ሞርዶ አፈሙዙ ላይ አስቀመጠው፤ እዚያው ጥብቅ ብሎ ቀረ። የወንድሜን ሲከተው ግን በቱቦው ውስጥ እየተንኳኳ ሄዶ በወዲያ በኩል መሬት ላይ ወደቀ።

አባየ ጎንበስ ብሎ አረሩን ፈልጎ አነሳና በጋቢው ጠረገው።

«ማሻአላህ! ምን ያለ ለስላሳ ነው!» አለ አጎቴ። «ላላ ያለ እኮ ይፈጥናል፣ ወንድም ጋሸ።»

«አባየ፣ በአሮጌው ተኩስ» አልኩት። «እሱ ጅዳ ሆኖ በምን ያውቃል? አንነግረውም።»

«ይጠይቀኛል» አለ አባየ። «በኔ ፎርማ ተኮስክ ወይ ይለኛል። ልዋሸው ነው?»

«እውነት ነው» አለ አጎቴ። «ባሕር ሊበላው የነበረ ልጅ የላከውን ንቆ ጣለው ቢባል ምን ይመስላል? ሰው ምን ይላል?»

አባየ የሻይ ቅጠል መጠቅለያ ወረቀት ቀዶ አረሩ ላይ ጠመጠመና በጣቱ እያጠበቀ ሞከረው። «ወረቀቱ ይይዘዋል፣ ኢንሻአላህ» አለ። አሮጌውን ፎርማ ወደ ጓዳ መለሰው። ጠመንጃውን ሊያጣ እንደሚችል ከኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር። ተናድጄ ወጣሁ፤ ማንን እንደተናደድኩ ለራሴም አልለየልኝም።

በማግስቱ የሙሽራው ወገኖች ከሐይቅ ከተማ በሚኒባስ መጡ። ቅሉ ከግቢያችን ጥግ ካለው ግራር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከበስተጀርባው ቁልቁል ሐይቁ ይታያል። አባየ ቢስሚላህ ብሎ አነጣጠረ። ተኩሱ ሲጮህ ከግራሩ ወዲህ፣ መንገዱ እኩሌታ ላይ፣ አቧራ ቦነነ። ቅሉ አልተነቃነቀም። የተቃጠለ ወረቀት ቁራጭ ብቻ እየተንሳፈፈ ወረደ።

የሙሽራው ዘመዶች አንድ አፍታ አልታገሱም።

«ቅሉስ ተንጠልጥሎ ሰውን ይታዘባል፣
የሙሽሪት አባት መሬት ይደበድባል!»

እያጨበጨቡ ደጋገሙት። የኛም ሰዎች ተቀበሏቸው። ጎረቤቶቻችን፣ ያጎረስናቸው፣ አብረውን ያዘኑ ሰዎች፣ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። እህቴ ዓይነ ርግቧ ውስጥ ትንሰቀሰቃለች፤ ሰው የሙሽራ ወግ መስሎት «አልቅሽ፣ አልቅሽ» ይላታል።

አጎቴ ጠመንጃውን ከአባየ እጅ ተቀበለ። ሌላ ጥይት ስጡኝ አላለም። እጁን ኪሱ ከቶ የራሱን አወጣ። በሞረድ የተላገ ጎኑን አየሁት። ከአሮጌው ፎርማ የወጣ አረር ነው፤ ከአባየ እጅ ሰርቆ ይሁን ለምኖ፣ ቀድሞ አዘጋጅቶታል። ያን ጊዜ ክሩ ትዝ አለኝ። ነገሩ በሰርጉ ዕለት ሳይሆን ያኔ፣ ወደ ሹሉ ተጠግቶ ሲለካ የታሰበ መሆኑ ገባኝ።

ቅሉ ተበተነ። እልልታው ግቢውን ሞላው፣ አጎቴን ትከሻ ላይ አወጡት። አባየ መሀላቸው ቆሞ አጨበጨበ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጭብጨባ አላየሁም፤ ደግሜ ማየትም አልፈልግም።

በማግስቱ አጎቴ ቀለሃውንና አሮጌውን ፎርማ ሊወስድ መጣ። አዲሱን አልፈለገውም። እቃውን እየቋጠረ ሳለ ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ፤ ስልኩን ለአባየ ያዝኩለት።

«አባየ! በኔ ፎርማ ተኮስክ?»

«ባንተ ፎርማ ልጄ።»

«መታህ?»

አባየ አጎቴ የሚቋጥረውን እቃ ገልመጥ አደረገ። «አልሃምዱሊላህ፣ መታን» አለ። ወንድሜ ከደስታው ብዛት እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

አጎቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ፊቱ ላይ ደቀነው። «አባትህ ሳተ» አለው እየሳቀ። «ባንተ ፎርማ ስቶ ነው ጠመንጃውን እኔ የወረስኩት። ለውለታህ ጀዛከላህ ኸይር!»

ወንድሜ እጁን ከአፉ አወረደ። መስመሩ አልተቋረጠም፤ ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አባየ ስልኩን ከአጎቴ እጅ ወሰደና «አይሰማም ልጄ፣ ኔትወርክ የለም» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ እኔ ዘንድ ይደውላል፤ ስለ እናቴ፣ ስለ እህቴ ይጠይቃል። አባየን አገናኝኝ ብሎኝ አያውቅም። ስልኬ ሲጮህ አባየ ቀና ይላል። «እሱ ነው?» ይለኛል።

«ሌላ ሰው ነው፣ አባየ» እለውና ወደ ውጭ እወጣለሁ።