ከአሰብ ኮሌጅ ለማየት

ከአሰብ የተነሳነው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ሾፌሩ በቀን ሙቀት ጎማ አላፈነዳም ብሎ እምቢ አለ። ባለቤቴ የወደብ ሥራውን ጥሎ መምጣት ስላልቻለ እስከ መኪናው ሸኘን። ልጃችንን ሜሮንን አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ያለ ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ የምታድረውም እዚያው ነው። «ቤቱን በዓይንሽ ሳታዪ እንዳትተያት። ካልጣመሽ ይዘሻት ተመለሺ» አለኝ።

ድንበሩ ላይ ያለው ወታደር ወረቀታችንን አገላብጦ፣
«የት ነው?» አለ።
«ኮሌጅ።»
«እርስዎ ነዎት የሚማሩት?»
«እሷ ትማራለች፣ እኔ ቤቱን አያለሁ።»
«ልጅ ሊድሩ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ ልጅ ሲሰጥ የምትገባበት ቤት ይታያል፣ እኔም ሌላ መንገድ አላውቅም።

ወሎ ሰፈር ጓሮ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየን። ብርዱን ምን ልበላችሁ፤ እኛ ደጅ ውኃ ረጭተን የምንተኛ ሰዎች እዚህ ጋቢ በጋቢ ደርበንም ጥርሳችን ይንገጫገጫል። ዓሣ ልጥበስ ብል አከራያችን እትዬ ብርቄ ግቢዬ ዓሣ ዓሣ እንዳይሸትብኝ አለችኝ።
«ደግሞ ልጅሽ መብራት አብርታ ታመሻለች።»
«ታነባለች እኮ።»
«በቀን ፀሐይ አለ አይደል?»
«በዚህ ክረምት?»
«እሱን ለፈጣሪ ንገሪው።»

ኮሌጁ ወላጆችን በሚያስጎበኝበት ቀን ተምር ቋጥሬ ሄድኩ፤ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ሪጅስትራር በሚሉት ቢሮ ክራባት ያሰረ ሰው ተቀበለን። ተምሩን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።
«እናቴ፣ እዚህ ጉቦ አንቀበልም።»
«ተምር እኮ ነው ልጄ።»
«ተምርም ቢሆን።»
ሜሮን «እማ፣ በናትሽ» ብላ አቀረቀረች።

ሰውዬው ቤተ መጻሕፍቱን አሳየን፣ እንደ ሙሽራ የተሸፈኑ ኮምፒዩተሮችም አሳየን። እኔ ዶርሙን ነው የምፈልገው አልኩት። እየጎረበጠው ወሰደን። ሊያርፍ የሚያንዣብብ አውሮፕላን ጣሪያውን የሚነካው ይመስላል። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፣ ፍራሹን ዳሰስኩ፣ በሩን ገፋሁት። መቀርቀሪያ የለውም።
«ይሄ ከውስጥ በምን ይዘጋል?»
«ካምፓሱ ዘበኛ አለው።»
«ዘበኛው ከልጆቹ ጋር ነው የሚያድረው?»
ልብስ የምታጥፍ አንዲት ተማሪ ሳቋ አመለጣት። «እትዬ፣ እኛ ሲመሽ ይሄን አልጋ ገፍተን በሩ ላይ እናስጠጋዋለን።»
«ያመሸች ልጅ ብትመጣስ?»
«ስሟን ትናገራለች፣ አልጋውን እንጎትታለን።»
ሰውዬው ለአስተዳደሩ አቀርባለሁ አለኝ፣ አንገቱን እያሻሸ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትመጡ ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩን ልጆቹ ያዩላችኋል፤ እናንተ በር በሩን እዩ።

መንገድ ላይ ሜሮን ቆመች። «ለመቀርቀሪያ ብለሽ ልትመልሺኝ ነው? እዚያ ተመልሼ ምን እሆናለሁ እማ?»
«ለአባትሽ ልደውልለት» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። እሷ ግን መልሱን እየጠበቀች ስልክ ቤት ድረስ ተከተለችኝ።

«አየሽው?» አለ ባለቤቴ።
«አየሁት። መጽሐፉ ግድግዳ ሙሉ ነው።»
«ታዲያ ትተሻት ትመጫለሽ ወይስ ይዘሻት?»
ከበስተኋላው የመርከብ ጡሩምባ ይሰማል፤ የአሰብ ሙቀት በሽቦው ጆሮዬ ድረስ የመጣ መሰለኝ። ሜሮን ከስልክ ክፍሉ መስታወት ውጭ ሆና ዓይኗን ከከንፈሬ አልነቀለችም።
«በሩን እስኪሠሩት ልቆይ» አልኩት።
«ሲሠሩትስ?»
እሱን ለራሴም ገና አልመለስኩም።