አባባ የሠሩት የዋንዛ ካሜራ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ማርታ ከአባባ ቤት ቆጥ ላይ የእንጨቱን ካሜራ አውርዳ ስትከፍተው፣ የድሮ ዋንዛ፣ የኮላና የታፈነ ጨርቅ ሽታ አንድ ላይ መጥቶ አፍንጫዬን ሞላውና የምልጠውን ድንች እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ማርታ ከአረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ቤት ውስጥ ያላገላበጠችው ዕቃ የለም፤ "ይጣል" የምትለውም ይበዛል። ይህን ግን እሷም አልደፈረችውም። የሚታጠፈውን ጥቁር ጨርቅ ሳብ ለቀቅ አድርጋ "ይኼ መሳቢያ ነው ወይስ አኮርዲዮን?" አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ ሁለቱንም ይመስላል።

አባባ አናጢ ነበሩ። በዚያ ዘመን ደብረ ታቦር ውስጥ ደህና በር ያየ ሰው የእሳቸው ሥራ ነው ብሎ ቢገምት ብዙ አይሳሳትም ነበር። ኩራታቸው መግጠም ላይ ነው። የመስኮት መስተዋት ከእንጨቱ ጋር እኩል ካልሆነ፣ ጣት ሲያልፍበት ካደናቀፈው፣ እሱን ሥራ ብለው አይጠሩትም። "ጣት ካላወቀው ገጥሟል" ይሉ ነበር፣ መስተዋቱን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ። እኔም ከእሳቸው ኋላ ሄጄ በተራዬ እዳብስ ነበር፣ የማውቅ ይመስል።

ካሜራው ወደ ቤታችን የመጣው ተሰብሮ ነው። አንድ ፎቶ አንሺ በጉና በኩል ሲመጣ በቅሎዋን አዳለጣትና ሳጥኑ ገደል ገብቶ ተንኮታኮተ፤ የተረፈው ሌንሱ፣ ጥቂት ፊልምና የፊልም ቤቱ ነበር። የፊልም ቤት የምለው ፊልሙ ብርሃን ሳያየው የሚቀመጥበትን፣ እንደ ስስ መጽሐፍ ጠፍጣፋ የሆነውን፣ ከካሜራው ጀርባ የሚሰካውን ዕቃ ነው። ሰውዬው ብርዱም ሥራውም መሮት ስለነበር የተረፈውን ለአባባ ትቶ ሄደ። "የፊልም ቤቱ የትም አገር ልኩ አንድ ነው፤ ሳጥኑን በእሱ ልክ ከሠራኸው ካሜራ ነው" ብሏቸው ነበር። ለአናጢ ከዚህ የበለጠ ምን ይባላል? አባባ የደረቀ ዋንዛ መርጠው ጀመሩ። የሚታጠፈውን ጨርቅ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ሰፉላቸው፤ በየቀኑ ብቅ እያሉም "አለሙ፣ ይኼ ንብ ይገባበታል ወይስ ሰው?" እያሉ ያበሽቋቸው ነበር።

መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። በመሃል እማዬ ታመመች። እግሯ ያብጥ፣ ትንፋሿ ያጥር ጀመር፤ ጠበሉም ተሞከረ፣ በመጨረሻ ወንዛዬ ፍል ውሃ ትሂድ ተባለ። ከዚያ ወዲያ አባባ የሰው በር ሁሉ ትተው ካሜራው ላይ ተደፉ። እማዬ በዕድሜዋ አንድም ፎቶ ተነስታ አታውቅም። 

ካሜራው በቡሄ ማግስት ደረሰ። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ቢባልም የዚያ ዓመት ሰማይ ተረቱን አልሰማም፤ ደመናው እንዳረገዘ ነበር። እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ደጃፉ ላይ በርጩማ ተደርጎላት ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከካሜራው ጀርባ በአሸዋ ተፈትጎ የደበዘዘ መስተዋት አለ፤ የሚነሳው ሰው መልክ ተገልብጦ እሱ ላይ ይታያል፤ ሲጠራ መስተዋቱ ይነሳና የፊልም ቤቱ በቦታው ይገባል። አባባ ፊቷን እስኪጠራ ካስተካከሉ በኋላ እኔንም ጥቁሩ ጨርቅ ሥር አስገቡኝ። እማዬ ራሷ ወደ ታች፣ በርጩማው ወደ ላይ ሆኖ ሳያት በሳቅ ፈነዳሁ። "ምን ያስቅሻል አንቺ?" አለችኝ፤ እሷም ልትስቅ ነበር መሰለኝ። ፊቷን ለመጨረሻ ጊዜ ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው፣ ተገልብጦ።

ፊልሙ በጭነት መኪና ሹፌር እጅ ጎንደር ተላከ፤ እማዬ ወንዛዬ ሄደች። ከዚያ አልተመለሰችም።

ፎቶው የመጣው ከአርባዋ በኋላ ነው። ጉልበቷ ላይ ያሉት እጆቿ የሚነኩ ይመስላሉ፦ ቀለበቷ፣ የቀሚሷ ጥልፍ እያንዳንዱ ክር፣ የድንች ድስት ተገልብጦባት ግራ እጇ ላይ የቀረው ጠባሳ ሳይቀር። ፊቷ ግን ጉም ነው። ሁለት ጥቁር ነገር ዓይን ይሆናል፣ ከሥሩ ያለው ጥላ አፍ ይሆናል። ሴቶቹ "ታማ አይደለም? ተንቀጥቅጣ ነው" አሉ፤ አባባም በዚህ ሊጽናኑ ምንም አልቀራቸው። ጋሽ ሰይድ ናቸው በየዋህነት "ተንቀጥቅጣ ቢሆን እጇ እንዴት ጠራ?" ያሉት።

አባባ አንድ ስንደዶ አንስተው የፊልም ቤቱ ውስጥ ፊልሙ እስከሚተኛበት ድረስ ሰደዱና በጥፍራቸው ምልክት አደረጉበት፤ ያንኑ ስንደዶ መስተዋቱ ጋ ወስደው ለኩ። ፊልሙ ከፊልም ቤቱ አፍ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ነው የሚተኛው። መስተዋቱን ግን አባባ እንደ መስኮት አድርገው፣ ጣት እንዳያውቀው፣ ከእንጨቱ አፍ ጋር እኩል ገጥመውታል። ልዩነቱ የእርሳስ ውፍረት አያህልም። መስተዋቱ ላይ የጠራው ፊቷ ነበር፤ ፊልሙ ግን ከሌንሱ ራቅ ስላለ እሱ ላይ የጠራው ከፊቷ ወደፊት የወጣው እጇ ሆነ።

በማግስቱ መሮ አንስተው መስተዋቱን በስንደዶው ልክ ወደ ክፈፉ አጠለቁት፤ ከዚያ በኋላ ያ ካሜራ ተሳስቶ አያውቅም። ሙሽራው፣ ተማሪው፣ ቄሱ፣ የገበያው ነጋዴ ሁሉ እሱ ፊት ተቀምጦ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ጠርቶ ወጣ። እኔ ያን ጊዜ ደስ አላለኝም፤ ዛሬም አይለኝም። የከተማው ሰው ሁሉ ፊት ሲኖረው የእኔ እናት ብቻ አልነበራትም። ዓመት ዓመትን ሲተካ ከዚያ ጉም ሥር የማስታውሰው መልክም እየሳሳ ሄደ፤ እይዘዋለሁ ብዬ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ይሸሸኛል፤ እሱን ማስቆሚያ መላ አላገኘሁም።

ትናንት ማርታ አሮጌውን ፎቶ በስልኳ አንስታ፣ ስልኳ ውስጥ ባለ አንድ ነገር "አጽድታ"፣ አሳትማና ክፈፍ አስገብታ አመጣችልን። ደስ ይበላቸው ብላ ነው፤ ምን ብዬ እቆጣታለሁ? ጉሙ ጠፍቶ አንዲት ሴት ቁልጭ ብላ ታየኛለች። እጆቿን ፈለግሁ። እነሱም ጸድተዋል፤ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ እንዳሉት እጆች ሆነዋል፣ ጠባሳው የለም።

አባባ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ክፈፉን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ዓይኗ ይታያል?" አሉኝ።

"ይታያል፣ አባባ።"

"ትመስላለች?"

"እኔ ምን አውቄ? አንቱ ይንገሩኝ እንጂ።"

ፈገግ አሉ። "እንግዲያማ አንቺ እዪልኝ፣ እኔ ልስማሽ።"

ነገርኳቸው። ግንባሯ ሰፊ ነው፣ ቅንድቧ እንደ ተኳለ ነው፣ ዓይኗ ትልልቅ ነው፣ አፍንጫዋ ቀጥ ያለ፣ ቀኝ ጉንጯ ላይ ስርጉድ አለች፣ ጥርሷ ትንሽ ብቅ ብሏል አልኩ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ መስተዋቱና እንጨቱ የተገጣጠሙበትን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ ክፈፉን ቀስ ብለው መለሱልኝ።

"ቆንጆ ናት" አሉ። "የማን ልጅ ናት?"