ከሞታቸው ዜና ሥር «ደረስኩ» ብዬ ጻፍኩ

አላምንም። ዛሬ ጠዋት ያቺን ጥቁር ጃንጥላ ስልኬ ላይ አይቻታለሁ እኮ! ጋሽ ጥላ ሞቱ ትሉኛላችሁ?

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ጥላ የፌስቡክ ግሩፓችን አባት ነበሩ። በፊታቸው ፈንታ የጃንጥላ ፎቶ ስለለጠፉ ነው ይህ ስም የወጣላቸው። እኛ ደግሞ እዚህ እስራኤል በየማለዳው ከፔታ ቲክቫ ከተማ በአውቶቡስ ወደየሥራችን የምንበተን ሰዎች ነን። ገሚሳችን ሰጉላ ሰፈር ፋብሪካ ውስጥ፣ ገሚሳችን ሮሽ ሃዓይን፣ ጋኔይ ቲክቫ ሰው ቤት የሚያጸዱም አሉን። አብዛኞቻችን ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም። ግን የማን ጉልበት እንደሚያመው፣ የማን ልጅ ጦር ሠራዊት እንደገባ፣ ማን ከአማቷ ጋር እንደተኳረፈች ስንት ዓመት ሙሉ ስናወራ ኖረናል።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው ቤት ነበር የሚውሉት። ሥራቸው እኛ ነበርን። በየጠዋቱ «ልጆች፣ ደረሳችሁ?» ብለው ይጽፋሉ። እኛም ተራ በተራ «ደረስኩ» እንላለን። አውራ ጣት ብቻ የላከ ወዮለት! «ጣት አይናገርም፣ ቃል ጻፍ» ይሉታል። ቆየት ብለው ደግሞ «ማን ቀረ?» ይላሉ። ሁሉም እስኪመልስ ዕረፍት የላቸውም።

አንድ ቀን ስልኬን ቤት ረስቼ ወጣሁ። ምሳ ሳይደርስ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ፋብሪካችን በር ላይ ቆሞ «ጥሩወርቅ የምትባል ሴት በሰላም ገብታለች ወይ?» እያለ ዘበኛውን ያስጨንቃል። ለካ ከግሩፑ ነው፤ እዚያው ሰጉላ ጋራዥ የሚሠራ። ጋሽ ጥላ ልከውት ነው። አለቃዬ «ባልሽ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እንዴት እንደተናደድኩ! ቤት እንደገባሁ «ጋሼ ምነው፣ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብዬ ጻፍኩላቸው።

«ልጄ፣ አንዲት ቃል ናት። እሷን አትንፈጊኝ» አሉኝ።

ባለፈው የሲግድ በዓላችን ደግሞ «ኢየሩሳሌም እንገናኝ። ከቄሶቹ ባለቀለም ጥላ መሐል ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሽማግሌ ካያችሁ እኔ ነኝ፣ ኑ ሳሙኝ» ብለው ነበር። ሁላችንም «በሰደር፣ እሺ ጋሼ» አልን። ከዚያ እያንዳንዳችን ከየዘመዳችን ጋር ሄደን፣ በልተን ጠጥተን ተመለስን። የፈለጋቸው ሰው ስለመኖሩ እንጃ። እኔ አልፈለግኋቸውም።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ ቆሜ ሳለ ጃንጥላዋ ብቅ አለች። ጽሑፉ በዕብራይስጥ ነው። እኔ ደግሞ ዕብራይስጥ ፊደል እየለቀምኩ ነው የማነበው፤ ማን ይታገለዋል! «ደረስኩ ጋሼ፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» ብዬ ጻፍኩና ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እንኳን ልደርስ፣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበርኩ።

ለእረፍት ወጥተን ስከፍተው ሁሉም ከሥሬ ደርድሮታል። «ደረስኩ።» «እኔም ገባሁ ጋሼ።» «ያላ፣ ደርሻለሁ፣ ብርዱ ግን አይጣል ነው።» ከሁሉም በታች አንዷ እንዲህ ብላለች፦ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አንብቡት! የጻፈችው ልጃቸው ናት። ጋሼ ትናንት አርፈዋል፣ ቀብራቸው ዛሬ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይኸኛውስ ይሁን፣ ስህተት ነው። የጋሼን የመጨረሻ ጥያቄ ለማየት ወደ ላይ ስሄድ ግን ሳምንት አልፎታል። ሳምንት ሙሉ «ደረሳችሁ?» ያለን የለም። «ጋሼ የት ጠፉ?» ያለም ከመሐላችን የለም። ስለ አውቶቡስ መዘግየት ስንነጫነጭ፣ ስለ ሠርግ ልብስ ስንከራከር ከርመናል። እኔ አንድ ጠዋት ብጠፋ ፋብሪካ ድረስ ሰው ላኩብኝ። እሳቸው ሳምንት ሲጠፉ እኔ መጥፋታቸውንም አላወቅሁ።

ቀብሩ አመለጠኝ። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ የተተከለው አውቶቡሴ በየቀኑ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው። በር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ «የማን ወገን ነሽ ልጄ?» ሲሉኝ «የጋሽ ጥላ» አልኳቸው። «እዚህ ጥላ የሚባል የለም፣ ይህ የዘውዱ ለቅሶ ነው» አሉኝ። ለቅሶ መጥቼ የሟቹን ስም አላውቅም! ያኔ እንባዬ መጣ፤ ከሐዘኑ ይልቅ የኀፍረት ነበር።

ልጃቸው ሰምታ መጣች። «ከፌስቡክ ነሽ? ከደረስኩዎቹ?» አለችኝ። ስለ ጠዋቱ ይቅርታ ልላት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ሎ፣ ሎ፣ ግድ የለም፣ በሰደር ነው። አባ ቤት ሖሊም ተኝቶ ሲታከም ዓይኑ ስልክ ማየት አቅቶት ነበር። ጠዋት ጠዋት ‹ልጆቹ ደረሱ?› ይለኛል። እከፍተዋለሁ፣ ማንም ‹ደረስኩ› አላለም። ‹ሁሉም ደርሰዋል አባ› እለዋለሁ። ‹ማን ቀረ?› ይለኛል። ‹ማንም› እለዋለሁ። ከዚያ ይተኛል።»

ቀጥላም «ዛሬ ሁላችሁም ስትጽፉ አለቀስኩ። ውሸቴን እውነት አደረጋችሁልኝ» አለችኝ።

እኛ የነፈግናቸውን ቃል ልጅቷ በስማችን ስትሰጣቸው ከርማለች።

ጋሽ ዘውዱ፣ ስምዎን ገና ዛሬ መጥራቴ ነው። «ማን ቀረ?» ይሉን ነበር። የቀሩት እርስዎ ነበሩ፣ እኛ አልጠየቅንም። ይቅር ይበሉኝ።

ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ፤ «ደረስኩ» ስልዎት መንገድ ላይ ነበርኩ። አሁን ግን እውነቴን ነው፣ ቤቴ ገብቻለሁ።

ደረስኩ፣ ጋሼ። እርስዎም በሰላም ይግቡ።