የባሕር ቁልቋልን ስም ፍለጋ ዛሪማ የወረድን ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ አጠገብ አንድ ችግኝ ሻጭ እሾሃማ የበረሃ ተክሎችን በቆርቆሮ ተክሎ መንገድ ዳር ደርድሮ አየሁ። «ስሙ ማን ነው?» ስለው «ካክተስ» አለኝ። «የአገራችን ስሙስ?» ስል ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ ግን መንገዴን መቀጠል አቃተኝ፤ ቆላማዋ ዛሪማ ትዝ አለችኝ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ መምህራችን «የአካባቢያችሁን እፅዋት ስም ከነምክንያቱ ሰብስባችሁ ኑ» አለን። ሌሎቹ የሰፈራቸውን ግራዋና ቀጋ ጽፈው ጨረሱ። እኔ መች አርፌ እቀመጣለሁ! የአጎቴን ልጅ ሙሉነሽን ጎትቼ፣ የኮሶዬን ብርድና የሊማሊሞን ጠመዝማዛ አልፈን፣ የእናቴ ዘመድ አያ ደሴ ዘንድ ዛሪማ ወረድን።

መስከረም ነበር። አያ ደሴ የመጨረሻውን የባሕር ቁልቋል ፍሬ፣ በለሱን፣ እሾሁን በቅጠል ጠርገው፣ ልጠው አጎረሱን።

«አያ፣ ይኼን ተክል ምነው የባሕር ቁልቋል ትሉታላችሁ?»

«ከባሕር ማዶ የመጣ ነዋ! ባሕር ዛፉም፣ የባሕር ማሽላውም እንደዚያው። እንግዳነቱ እንዲታወቅ ነው።»

«ቁልቋል የሚለውስ?»

«እሱማ እኛ ሳንወለድ ስሙን ይዞ የቆየን ነው።»

መልሱ አልበቃኝም። ይህ እንግዳ ተክልና የአገሬው ቁልቋል በምን ተመሳስለው ስም ተጋሩ? እሳቸው ወደ ጓሮ ሲዞሩ፣ አጥሩ ዳር ወደቆመው ትልቁ ቁልቋል ሄጄ ቢላዋ መዘዝሁ። ሙሉነሽ ጎንበስ ብላ እያየች «ቆዪ እንጂ፣ አያ ይምጡ» አለች። ቅርንጫፉን ቆረጥሁት። ነጩ ወተት ተስፈንጥሮ ግራ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

አያ ደሴ ጩኸቷን ሰምተው ሮጡ። ጭንቅላቷን አጋድመው የእንስራው ውኃ እስኪያልቅ አፈሰሱባት። «ይሄ እኮ ዓይን ያጠፋል! ምነው ሳትጠይቂኝ?» አሉኝ። ቢመቱኝ በወደድሁ።

በእህል መኪና ደባርቅ ወጣን። ጤና ጣቢያው ዓይኗን አጥቦ ሸፈነው፤ «ሦስት ቀን እንጠብቅ» አሉን። ሦስቱንም ቀን ከጤና ጣቢያው በር እስከ መናኸሪያው ስመላለስ ዋልሁ። የገዛሁት ዳቦ ኪሴ ውስጥ ደረቀ።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ፋሻውን ፈትታ፣ ደህናውን ዓይን በእጇ ከለለችና «ምን ይታይሻል?» አለቻት። ሙሉነሽ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ እያደረገች ፊት ለፊቷን አየች።

«ቀይ ሹራብ» አለች በመጨረሻ።

የእኔ ሹራብ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስሁ።

ለቤተሰብ «ቅርንጫፉ በነፋስ ተሰብሮ ነው» ብዬ ዋሸሁ። እሷም አላጋለጠችኝም።

እናም ባለፈው ሳምንት፣ ችግኞቹ አጠገብ እንደቆምሁ፣ ከፒያሳ ደወልሁላት። ዛሬ የልጅ ልጅ አላት። «ያኔ ‹ቆዪ› ብለሽኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ» አልኋት።

«ይችን ስጠብቅ አረጀሁ» ብላ ሳቀች።

ችኩል ሰው ሁሉን ቶሎ የሚያደርስ ይመስለዋል። እኔ አንዲት ይቅርታ ለማለት ዕድሜዬን ፈጀሁ።