ርብ ውስጥ የገባው ሰው

በምስሌ ሥር «ቀጣፊ» ብለው ጻፉብኝ። ወረታ ላይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ፣ በትልቅ ነጭ ሸራ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ኅዳር ነው። የጀብዱ ፊልም ፌስቲቫል የሚሉት መጥቶ፣ ጀንበር እንደጠለቀች የጀልባ ፊልሞች ያሳዩን ጀመር። የሩዝ አጨዳው ገና አላለቀም፤ የሰዉ ልብስ ሁሉ ጭድ ጭድ ይሸታል። ፈረንጆቹ በፕላስቲክ ጀልባ ከፏፏቴ ላይ ይወረወራሉ።

«ይኼ ሰውየ እናት የለውም?» አለች ከኋላየ አንዲት ሴት።

«ብትኖረውማ ሩዝ ታሳጭደው ነበር» አላት ባሏ።

እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ሸራው ላይ የራሴ ፊት መጣ፤ ጎረምሳ ሆኜ፣ ታንኳ ላይ ቆሜ።

ፊደል የቆጠርሁት ከሸበትሁ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። የማነበው አንድ አንዷን እየለቀምሁ ነው። ነፋሱ ደግሞ ሸራውን ያርገበግበዋል። «ቀ» አልሁ፤ የቀረውን ልቤ ሞላው። ብድግ ብየ «ማነው ቀጣፊ?» ብየ ጮህሁ።

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። አስተማሪዋ ልጄ ጋቢየን ጎተተችኝ። «አባየ፣ ቀዛፊ ነው እኮ የሚለው! ቀዛፊ!»

ተቀመጥሁ። ከፊቴ ሁለት መደዳ አልፎ የተቀመጠው የጥንት ባልንጀራየ ደሴ ብቻ አልሳቀም። ምን እንዳስጮኸኝ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

ፎገራ ክረምት ሲገባ ሜዳነቱ ይቀራል፤ ውሃ ነው። ደሴና እኔ በጎረምሳነታችን ባንድ የደንገል ታንኳ ሰው እናሻግር ነበር። ስንቃችን የሽምብራ ቆሎ ነው፤ እሱም ቢሆን ዝናቡ እያራሰው አፍ ውስጥ ጭቃ ይሆናል። አንድ ቀን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሳለ ፈረንጆች እየቀዘፉ መጡ። ያንደኛው ጀልባ ተገለበጠ። ደሴ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ዘለለ። እኔ ታንኳው ላይ ቀረሁ። ፈረንጁን ሲያወጣው ሰውየው ራሱን አያውቅም። ጓደኞቹን ጎርፉ ቁልቁል ወስዷቸው ነበርና ያየ ሰው ቢኖር እኔና ደሴ ነን።

ደሴ በዚያው ብርድ መትቶት ተኛ። በሦስተኛው ቀን ካሜራ የያዙ ፈረንጆች ከአስተርጓሚ ጋር መጥተው «ያወጣው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

እስከ ዛሬ ምክንያት እፈልግለታለሁ፤ የለውም። ካሜራው ወደ እኔ ዞሮ ነበር፣ እኔም ደስ አለኝ፤ ይኸው ነው። ግማሽ ቀን ወዲያና ወዲህ ሲያስቀዝፉኝ ዋሉ።

ደሴ ድኖ ሲወጣ መንገድ ላይ አገኘኝ። «ውሃው እንዴት ነበር? አልቀዘቀዘህም?» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ለሰውም አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሠርግም በለቅሶም ስንገናኝ ከሰላምታ አናልፍም። ይባስ ብየ ቂም የያዝሁት እኔ ነኝ። ዝምታው ስድብ መሰለኝ።

እና በፊልሙ ዕለት ሳቁ ሲበርድ አስተናባሪው ማይክራፎን አመጣልኝ። «ጋሼ፣ ስለዚያ ቀን እስቲ ይንገሩን» አለኝ።

«ውሃው ብርድ ነበር» አልሁ። የወጣልኝ ይኸው ብቻ ነው። ደሴ ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ።

በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ዝክር ሊቀምስ ጥላ ሥር እንደተቀመጠ ቆምሁ። «ርብ ውስጥ የገባው ደሴ ነው። እኔ ታንኳውን ይዤ ከላይ ነበርሁ። ዋሽቻለሁ» አልሁ። ሁሉም ወደ ደሴ ዞረ።

«ስለ ፊልሙ ማን ጠየቀህ?» አለኝ ደሴ። «እኔ የፈረንጅ ሸራ ምን ያደርግልኛል? ያን ጊዜ ስንቀጠቀጥ ተኝቼ አገሩ ሁሉ ጠየቀኝ። አንተ ብቻ አልመጣህም። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ‹እሱ ነው› እል ነበር።»

ያን ሁሉ ዘመን ውሸቴን ሳመነዥክ ኖርሁ እንጂ ይኼ በደል አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ደሴ ጎኑ ያለውን ሰው ጠጋ አስደረገና «ቁጭ በል እንግዲህ፣ ቆመህ አትቀር» አለኝ።

ለእሱ አልቆለታል። እኔ ግን ታመመ የተባለ ሰው በሰማሁ ቁጥር አሁን ቀድሜ ከደጁ እደርሳለሁ፤ የማን ደጅ እንዳመለጠኝም እያወቅሁ። ከደሴ ጋር ይቅር የተባባልነው ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው።